ቤቱ ባዶ እንዳይገኝ

ሚስተር ታልበርት አያቴን የሚወዳት ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስለ ፍቅር የማውቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የወደደውን ሰው ቤት ከሩቅ ሆኖ ያያል። ሚስተር ታልበርት ደግሞ ከማየት ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር። ነጭ ፒክአፑን ከመንገዱ ማዶ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ያቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክርኑን አስደግፎ ይቀመጣል። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ከወረቀት ከረጢት እያወጣ ይበላል፣ ልጣጩን ወደ ውጭ ይጥላል። ሲሄድ እሮጥና የልጣጩን ክምር አያለሁ። ክምሩ ትልቅ ከሆነ "ዛሬስ በጣም ናፍቃው ነበር" እላለሁ።

አያቴ እማማ ሉቪኒያ ያኔ ሰባን ተሻግራለች፤ እሱ ገና ሃምሳ አልሞላውም። እሷ ጥቁር፣ እሱ ነጭ። ያለነው አላባማ፣ ያውም ገጠር ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ልጅ ነኛ! አንዴ ይወዳታል ካልኩ አበቃ፤ የቀረውን ነገር ሁሉ ከዚያ ጋር አስማማዋለሁ። ሌላው ሰው "እህት ሉቪኒያ" ወይም "እማማ" ሲላት፣ እሱ ከመኪናው ሳይወርድ "ሉቪኒያ!" ብሎ በስሟ ይጠራታል። እሷ "አቤት ሚስተር ታልበርት" ትላለች። ይህንንም መሽኮርመም ነው እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ቤቱን የሠራው ባሏ ሂራም ነው፤ እኔ ሳልወለድ ሞቷል። የጥድ ሳንቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ። የምንኖርበት አራት ነን፤ አያቴ፣ የግንድ ጭነት መኪና የሚነዳው አባቴ ሮስኮ፣ ዶሮ ፋብሪካ የምትሠራው እህቱ ኤርላይንና እኔ። እናቴ ወደ ሰሜን ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ የእሷ ታሪክ ሌላ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በነሐሴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በየከተማው የተበተነውን ዘመድ ሁሉ በምትጠራበት እሑድ ነው። ያን ቀን ቤት የሚቀር የለም። ከቺካጎም ከዲትሮይትም ይመጣል፣ ጠረጴዛው ከዛፉ ሥር በረድፍ ይዘረጋል፣ የተጠበሰ ዶሮና የኮክ ኬክ እስኪያስጠላ ይበላል። ሆዳችን ተወጥሮ፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስን። በራችን ላይ አዲስ፣ ወርቅ የሚመስል የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሚስተር ታልበርት የአያቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"በሩ እኮ ክፍት ነበር፣ ሉቪኒያ" አላት እየሳቀ። "እንደዚህ ትታችሁት ትሄዳላችሁ?"

በራችን ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ስጦታ ነው ብዬ አጨበጨብኩ። አክስቴ ኤርላይን እጄን ይዛ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ።

አባቴ ወደ መኪናው ተመልሶ የጎማ መፍቻ ብረቱን አመጣ።

"ሮስኮ፣ የሰው ንብረት ነው የምትሰብረው" አለ ሚስተር ታልበርት፤ ከወንበሩ አልተነሳም።

"የማን ሰው?"

"የኔ። ግብራችሁን እኔ ከፍዬላችሁ ነው የገዛሁት። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ሂድና ጠይቅ።"

አባቴ ቁልፉን በአንድ ምት ከነማጠፊያው ነቀለው። ሚስተር ታልበርት ልብሱን አራገፈና ቀስ ብሎ በአጠገባችን አለፈ፤ ሲያልፍ ኮፍያውን ለአያቴ ነካ አደረገላት። እኔ ደግሞ አባቴ የእንጀራ አባት እንደማይፈልግ ገባኝ፤ ግብራችንን እንኳ የከፈለልንን ሰው! ለሚስተር ታልበርት አዘንኩለት።

በማግሥቱ ዲያቆን ፕሩየት መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ፀጉር አስተካካይ። በእኛ በኩል ያለ ሕግ ሁሉ ከእሱ ወንበር ነው የሚወጣው። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከበረንዳው ሥር፣ ከዶሮዎቹ ጋር ነበርኩ።

"ማነው ካረጀሽ በኋላ ግብር የለብሽም ያለሽ?" አላት።

"ደፋር ነህ! አንተ ነሃ! የሮስኮን ፀጉር ስትቆርጥ፣ 'ስልሳ አምስት የሞላው ሰው በዚህ ክፍለ ግዛት ግብር አይነካውም' ብለህ አላስተማርከውም?"

"አይነካውም አልኩ። ሄደሽ አታስመዝግቢ አልኩ?"

"ታዲያ አስመዝግቢ አልክ?"

አባቴ "እና ዝም ብለው ሸጡት?" ሲል ሰማሁ።

"ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ። ጮክ ብለው ያነባሉ፣ የፈለገ ይገዛል። የሂራምን ስም ጠርተው ሸጡት።"

እኔ የማውቀው የደረጃ ሽያጭ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ኬክ የሚሸጡበትን ነው። የወንድ አያቴን የሂራምን ኬክ ማን እንደ ጋገረው ስገምት ቆየሁ።

ዛሬ የዚያ ቤት ግብር የሚከፈለው በእኔ እጅ ነውና ነገሩ ገብቶኛል። የአላባማ የቤት ግብር ከአገሩ ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሰዉም በዚህ ይኮራል። ዝናብ ሲጥል፣ በዚሁ ግብር የሚተዳደረው ትምህርት ቤታችን ጣሪያው ያፈስና አስተማሪያችን ባልዲ ትደቅን ነበር፤ ያንን ባልዲ ከዚህ ኩራት ጋር ሲያገናኝ የሰማሁት ሰው የለም። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ደግሞ ቅናሽ አለው፤ ያረጀ ሰው ከዚያም ይበልጥ ይቀርለታል። ቅናሹ ግን ቤት ድረስ መጥቶ በር አያንኳኳም። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ የምኖረውም እዚያው ነው ብሎ ማስመዝገብ አለበት። አያቴ ምን ብላ ታስመዘግባለች? ቤቱ የቆመው በሞተ ሰው ስም ነው። እኛ ዘንድ አባት ሲሞት ቤቱ የሁሉም ይሆናል፤ ስም ለማዛወር ፍርድ ቤት መሄድ በወንድምና በእህት መሃል ጠብ መፈለግ ይመስላል። ግብሩ ራሱ አንድ ጥንድ ደህና ጫማ የማይገዛ ነበር። ትንሽ ስለሆነ እኛ ረሳነው፤ ትንሽ ስለሆነ ሚስተር ታልበርት ሳይከብደው ከፈለው።

"ማስመለስ ይቻላል" አለ ዲያቆኑ። "ግብሩን ከነወለዱ መክፈል ነው።"

"ግብር ቢሮ ልከፍለው ሄጄ ነበር ዛሬ" አለ አባቴ። "አልቀበልህም አለኝ። 'የሂራም ወራሽ መሆንህን በምን አውቃለሁ?' አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰውዬ!"

"እንግዲህ በጠበቃ ነው። የጠበቃ ገንዘብ እስክታገኝ ግን ስማኝ፣ ይህ ቤት ባዶ እንዳይገኝ። ባለቤቲቱ ውስጡ እስካለች ድረስ የማስመለስ መብቷ አይሞትም። ባዶ አግኝቶ ከያዘው ግን አለቀ። የእኔን መሬት የወሰዱብኝ ለአንድ ሠርግ ሞንትጎመሪ ሄጄ ነው።"

"ለምን ያህል ጊዜ ባዶ ቢሆን ነው?"

"እሱን እኔ አላውቅም። ባዶ ባዶ ነው።"

ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ለስለስ ብሎ ነበር።

"እማዬ፣ እኔ ገንዘቡን እስካመጣ ከዚህ ቤት አትወጪም።"

"ወዴት እሄዳለሁ ብለህ ነው?"

"ለምንም ነገር። ቃል ግቢልኝ።"

"ገብቻለሁ፣ ሮስኮ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ አልወጣችም። ቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ለሃምሳ ዓመት የዘመረችበት መዘምራን ውስጥ ቦታዋ ክፍት ሆነ። ሱቅ ቀረች። ጥርሷ ታሞ ፊቷ ሲያብጥ እንኳ ሐኪም ጋ አልሄደችም፤ ዲያቆን ፕሩየት መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አስደግፎ በጉጠት ነቀለላት። ወንበሯን ወደ መንገዱ አዙራ ቀኑን ሙሉ አተር ትፈለፍላለች። ከማዶ ሚስተር ታልበርት ኦቾሎኒ ይበላል። ሁለቱ ይተያያሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ቀን ፖስታ ላመጣ መንገዱ ዳር ስደርስ ጠራኝ። ከረጢቱን ዘርግቶልኝ እፍኝ ኦቾሎኒ ወሰድኩ፤ ገና ትኩስ ነበር።

"አያትሽ ቤተ ክርስቲያን ቀረች አሉ። አመማት እንዴ?"

"አላመማትም።"

"ታዲያ ምን ሆና ነው?"

"እርስዎን እየጠበቀች ነዋ።"

እስኪያስለው ሳቀ። ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና በረንዳውን አየ።

"እኔም እሷን እየጠበቅኩ ነው በያት" አለኝ። "አልቸኩልም በያት። ከሁለታችን ወጣቱ እኔ ነኝ።"

እየሮጥኩ ሄጄ መልእክቱን ቃል በቃል አደረስኩ። የአያቴ ጣቶች አተሩ ላይ ቆሙ።

"እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ኦቾሎኒ። ሚስተር ታልበርት ሰጠኝ።"

"ጣይው።"

"ለምን?"

"ሬኒታ፣ ጣይው ብዬሻለሁ።"

ጣልኩት፤ ዶሮዎቹ ተሻሙበት። ተጣልተዋል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

አባቴ በዚያ ዓመት የብርድ ወራት በቀን ሁለት ጭነት መጫን ጀመረ፣ ከዚያም ሦስት። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ሁልጊዜ ሲወጣ በረንዳው ላይ ቆም ብሎ "ከቤት አትወጪም፣ እማዬ" ይላታል። እሷም "ወዴት እወጣለሁ" ትለዋለች። በየካቲት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና አንሸራተተ። የአባቴ መኪና ከነግንዱ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሰዎች መጥተው ሲነግሯት አያቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ከወንበሯ ተነሳች፣ ሁለቱን ደረጃ ወረደች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከማዶ ፒክአፑ ነበር። ወደ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ከዚያ ነው የጮኸችው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

የቀብሩ ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው።

"እኔ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ሂጂ" ትላለች አክስቴ እያለቀሰች። "ልጅሽ ነው እማዬ! እንዴት ልጅሽን አትቀብሪም?"

"ያንቺም ወንድም ነው።"

"ለሁለት ሰዓት! ለሁለት ሰዓት እኔ በር ብዘጋ ምን ይመጣል?"

"በሩን ቢገፋው አንቺ ትጮሂያለሽ። ከዚያስ? ባለቤቲቱ ካለች ነው የተባለው። የሂራም ሚስት እኔ ነኝ። ቃል ገብቼለታለሁ ኤርላይን፣ አታድርቂኝ። ሄዳችሁ ቅበሩት።"

እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሄዳችሁ ቅበሩት።

የሬሳ መኪናው በቤታችን ፊት ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። ከኋላው ባለው መኪና ውስጥ በአክስቴና በዲያቆኑ መሃል ተቀምጬ በመስኮቱ አየኋት። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች። መረብ ያለበትን ባርኔጣዋን አድርጋለች፣ ነጭ ጓንቷን አጥልቃለች። ለልጇ ቀብር የሚለበሰውን ሙሉ ልብስ ለብሳ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ከማዶ ሚስተር ታልበርት ከፒክአፑ ወርዶ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እንደዚያ የለበሰችው ለእሱ ነው አልኩ በልቤ፤ ሁላችንም እስክንሄድላት ስትጠብቅ ነበር አልኩ።

ስንመለስ እሱ የለም። አያቴ ባርኔጣዋን እንኳ አላወለቀችም። አክስቴ ወደ ውስጥ አልፋ በሩን ዘጋች፤ እኔን ግን በእጇ ጠራችኝ።

"ነይ፣ ንገሪኝ። ምን ዘመሩ?"

ነገርኳት።

"ሁሉንም ስንኝ ጨረሱት?"

"እኔ እንጃ።"

"ሲያወርዱት አንገጫገጩት?"

"አይ።"

"እግሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው? አይተሻል?"

"እንጃ እማማ!"

"አፈሩስ? እርጥብ ነበር?"

"ውሃ ነበረው ጉድጓዱ ውስጥ።"

ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን ወሬ ቃራሚ ሆና ነው የታየችኝ፤ መሄድ ስትችል ሳትሄድ ቀርታ ወሬውን ከእኔ የምትለቅም። ለብዙ ዓመት አልወደድኳትም። ይህን ስናገር ደስ አይለኝም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አሥራ አምስት ሲሞላኝ ነው አክስቴ ኤርላይን ወጥ ቤት አስቀምጣ ሁሉን ነገር ያስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ ቀኝና ግራዬን ሳላይ የአያቴ ዘበኛ ሆንኩ፤ ምግቧንም፣ መድኃኒቷንም፣ የጸሎት መጽሐፏንም ወደ በረንዳው የማመጣው እኔ ነኝ። የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ደግሞ በጎረቤት ከተማ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ የሚከራከር ቢሮ መከፈቱን ሰማሁ። ጠበቃዋ ወይዘሪት ራይስ ትባላለች፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ጉዳዩን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። ሚስተር ታልበርት ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ገንዘቡን ከነወለዱ ተቀብሎ ወጣ። በበረንዳችን ፊት ሲያልፍ አያቴን በስሟ ሊጠራት አፉን ከፍቶ ተወው።

አያቴ ፊርማዋን እንድታኖር ወደ ቢሮው የወሰድኳት ቀን አክስቴ ኤርላይን ሥራ ቀርታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አለበለዚያ አልሄድም ብላለች። ወይዘሪት ራይስ ወረቀቶቹን አስፈረመች፣ ቤቱ በእሷ ስም መዞሩን፣ የአረጋውያኑ ቅናሽም መመዝገቡን ነገረቻት። ከዚያ ብዕሯን ዘግታ ዘና ብላ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት እማማ። ልጅቷ ያን ሁሉ ዓመት ከቤት ወጥተው አያውቁም ትላለች። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ለምን?"

"ባዶ እንዳያገኘው ነዋ፣ ልጄ።"

ጠበቃዋ ሳቀች፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ልጅ ልጅ ነው የሳቀችላት። "ማነው እንደዚህ ያለዎት? ሕጉ እኮ መኖርዎን እንጂ መቀመጥዎን አይጠይቅም። አልጋዎ፣ ልብስዎ፣ ድስትዎ እዚያ ካለ ቤቱ የእርስዎ ይዞታ ነው። ቁልፍ ቢያንጠለጥልም ሰብረው ገብተዋል፣ አለቀ። ሱቅ መሄድ ይችሉ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችሉ ነበር።"

አያቴ ጓንቷን ማጥለቅ ጀምራ ነበር። ቆመች።

"ቀብር ብሄድስ?"

"ቀብርም! ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ቢተኙስ ማን ይወስድብዎታል?"

ጠበቃዋ አታውቅም። አንገቴን ልነቀንቅላት ፈለግሁ፣ ግን ዘግይቷል። አያቴ ጓንቷን ጣት በጣት አጠለቀችና "እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ" አለቻት።

በመኪና ስንመለስ ወደ ቤታችን የሚወስደውን መታጠፊያ ሳልፈው አልጠየቀችኝም፤ የት እንደምወስዳት አውቃለች። የመቃብሩ አጥር ጋ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። አይታው የማታውቀው የአባቴ ድንጋይ ከመኪናው ይታያል፤ በጣቴ አሳየኋት። ወርጄ በሯን ከፈትኩላት። አንድ እግሯን አውጥታ ክንዴን ያዘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሬኒታ፣ ሴትዮዋ ያለችውን አባትሽ ፊት እንዳታነሺ።"